ዝምታ ሁሉ ሰትር አይደለም



ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዛሬው ጁሙዓ የምናነሳው እዚሁ ሐዋሳ ምሥራቅ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ቤት ስንገባ ግን የማናወራውን ጉዳይ ነው፤ የታዳጊዎችን ሱስ።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። የሙስሊም ልጅ መጀመሪያ አረቄ ቢቀርብለት «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ይነሳል። ስለዚህ የሚቀርብለት ጫት ነው። «ለፈተና ነው፣ ሌሊቱን ያስጠናሃል» ይሉታል። ከጫቱ ጋር ሲጋራ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሺሻ። ሌሊት ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ «ጨብሲ» ይባላል፤ ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ማለት ነው። በፊት ለፊት በር አልገባም ያለው ልጅ በጓሮ በር ገባ። ሱብሒ ሲጠራ የሚተኛው ያኔ ነው።

ነገሩ የጥቂቶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ 27 በመቶ ወንዶችና 12 በመቶ ሴቶች ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ስለ ጫት ዑለማዎች ብዙ ተነጋግረዋል። ሶላትን የሚያስቀርና ወደ ኸምር የሚያደርስ መንገድ ላይ ግን ምን ክርክር አለ?

አሁን ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል። ጓደኛችሁ መጀመሩን ቀድሞ የሚያውቅ ማነው? እናቱ አይደለችም፣ አባቱም አይደለም፤ እነሱ መጨረሻ ነው የሚሰሙት። ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሲጠየቅ ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፤ «የወንድሜን ነውር ልሸፍን ብዬ ነው»።

እውነት ነው፣ የወንድምን ነውር መሸፈን ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ በአንድ መርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጥተዋል። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ላይኞቹን እንዳያስቸግር፣ ከታች በኩል ቀዳዳ እንክፈት አሉ። ክፋት አላሰቡም። ላይኞቹ ዝም ካሏቸው ግን ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ሐይቅ ዳር ላደግን ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጀልባ ሲበሳ እያዩ ዝም ማለት ሰትር አይባልም።

«ሐሜት አይሆንብኝም ወይ?» ለምትሉ፣ ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ ጥፋትን ሊያስቆም የሚችልን ሰው እርዳታ መጠየቅን አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። መስፈርቱ ቀላል ነው፤ የምትነግሩት ሰው ሊረዳው ይችላል? ለታላቅ ወንድሙ፣ ለአጎቱ፣ ለሚያከብረው ኡስታዝ ከነገራችሁ እርዳታ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ከለቀቃችሁት ማዋረድ ነው።

መጀመሪያ ግን ለራሱ ንገሩት። «ወንድሜ፣ ላጋልጥህ አልፈልግም፤ ብቻህንም አልተውህም። ወይ አንተ ለወንድምህ ንገረው፣ ወይ አብረን ሄደን እንንገረው» በሉት።

አነጋገራችን ላይም እንጠንቀቅ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐብደላህ የሚባል፣ እሳቸውን የሚያስቅ ሰው ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት እየተያዘ ይቀጣ ነበር። አንድ ቀን በድጋሚ ሲመጣ አንዱ ሰው ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አትርገሙት አሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ከጀማዓውም አልተባረረም። እኛ ግን ስንቱን ልጅ «ሱሰኛ» ብለን ከመስጂድ ደጃፍ መልሰን፣ እጁን ዘርግቶ ወደሚጠብቀው በርጫ ቤት ላክነው?

ቀጥሎ ያለውን ለእናትና ለአባታችሁ አንብቡላቸው። አይስላንድ በምትባል ሀገር እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉት ልጆች 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ስብከት ብቻውን አላመጣውም። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበው የጋራ ስምምነት ፈረሙ፤ ልጆች ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ውጭ እንደማይቆዩ ተወሰነ፤ ወላጆች ማታ ማታ በየሰፈሩ ተራ እየገቡ ዞሩ፤ ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚውሉበት የስፖርትና የሙዚቃ ቦታ በመንግሥት ገንዘብ ተደገፈ።

እኛ ደግሞ እድር አለን፣ ጀማዓ አለን፣ መድረሳ አለን። አንድ አባት ብቻውን «በጊዜ ግባ» ሲል ልጁ «የእነ እገሌ አባት ይፈቅዳል» ይለዋል። አሥር አባቶች አንድ ቃል ሲናገሩ ግን መልስ የለውም። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት በኳስ፣ በጥናት ወይም በቁርኣን ካልሞላነው ሌላ ሰው ይሞላዋል። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆም አልኮልም መሸጥን እንደሚከለክል እወቁ። አንዲት ሲጋራ ለአንድ ተማሪ የሸጠ ሰው ነገ አላህ ፊት ይጠየቃል።

ሱሱ ሥር ለሰደደበት ደግሞ ዱዓችን ከሕክምና ጋር ይሁን። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወደዚያ መሄድ የኢማን ጉድለት አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ነው።

ዛሬ ከጁሙዓ ስትወጡ አንድ ስም ወደ ልባችሁ ይመጣል። ያን ሰው ከዐስር በፊት ደውሉለት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ የጠፉትን በተውባ ይመልስልን፣ እኛንም ለመመለሳቸው ሰበብ ያድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።