ያላየሁትን ጨረቃ

ሰው የሚዋሸው በአፉ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ በእጁ የያዘውን ሥዕል ለሌላው ሲያሳይ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ሊዋሽ አይችልምን? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በራሴ ላይ ደርሶ ካየሁት ነገር የተነሣ ነው። የነገሩም መጀመሪያ አንድ የጨረቃ ምሽት ነው።

ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ ምሽት የወጣችው ሙሉ ጨረቃ ከወትሮው ይልቅ ለምድር የቀረበች ነበረች። ጨረቃ ምድርን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንድ ጊዜ ትቀርባለች፤ አንድ ጊዜ ትርቃለች። ከምድር ያላት ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ምሽት ግን ወደ 357,000 ኪሎ ሜትር ቀርባ ነበር። እንዲህ የምትቀርብበትና ሙሉ የምትሆንበት ጊዜ ሲገጥም በዘመኑ አነጋገር «ሱፐር ሙን» ይሏታል። እጅግ ርቃ ከምትታይ ሙሉ ጨረቃ ጋር ስትነጻጸር በስፋቷ እስከ 14 በመቶ፣ በብርሃኗ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ትበልጣለች።

ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨረቃዋ በምሥራቅ በኩል ብቅ ስትል ግቢያችን ሁሉ ነጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ አበራ፤ የባሕር ዛፉ ጥላ መሬት ላይ ተሳለ። አያቴ በረንዳው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው አጥርተው አያዩም።

«እማማ፣ ጨረቃዋ ትታይዎታለች?» አልኋቸው።

«ብርሃኗ ይታየኛል ልጄ፤ መልኳ ግን አይታየኝም። አንተ ታያት የለም? እስቲ ንገረኝ» አሉኝ።

እኔም «ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሣ» ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ የጨረቃ ፎቶግራፍ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ችኮላው እርሱ ነበር። በዚያ ምሽት ለአያቴ ምንም ሳልነግራቸው ተኙ።

በራሴ ስልክ ያነሣሁት ፎቶግራፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የወደቀች የጠመኔ ነጥብ ይመስል ነበር። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ጨረቃ ለዓይናችን ትልቅ ብትመስልም በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን በትንሿ ጣታችን ጥፍር ልንሸፍናት እንችላለን። ሁለተኛ፣ ስልኩ የሰማዩን ጨለማ አይቶ ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ ጨረቃዋ መልኳ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆና ትቀራለች። ለእኛ ሌሊት ቢሆንም እኛ የምናየው የጨረቃ ፊት በዚያ ሰዓት የፀሐይ ብርሃን የሚያርፍበት ድንጋይ ነው፤ ለእርሷ ቀን ነው። ስለዚህ የካሜራን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ጨረቃን ሲያነሡ ብርሃኑን የሚመጥኑት በቀን ፀሐይ ላይ የቆመን ነገር እንደሚያነሡ አድርገው ነው።

እኔ ግን ይህን ለመማር አልታገሥሁም። ከጎረቤታችን አዲስ ስልክ ተዋስሁ። ወደ ጨረቃዋ አቅርቤ ስይዘው መጀመሪያ የታየኝ የደበዘዘ ክብ ነገር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ድረስ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ጉድጓዶቹና ጥቁር ጥቁር ሜዳዎቹ ጥርት ብለው ወጡ። ልቤ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ጠረጠረ፤ ጣቴ ግን ቁልፉን ተጫነ።

እሑድ ፎቶግራፉን አሳትሜ በሰሌዳው ላይ ሰቀልሁት። ብዙዎች ቆመው አደነቁ። «ራስህ ነህ ያነሣኸው?» ብለው ሲጠይቁኝም «አዎ» አልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከማስተምራቸው ሕፃናት አንዱ የአባቱን ስልክ ይዞ መጣ። በዚያው ምሽት እርሱም ጨረቃዋን አንሥቶ ኖሯል። ያሳየኝም ያንኑ የጠመኔ ነጥብ ነው። «ጋሼ፣ የእርስዎን ካየሁ በኋላ የእኔን ላጠፋው ነበር፤ እኔ አልችልም ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጁ በእውነት ያየውንና ያነሣውን ነገር፣ እኔ ባላየሁት ነገር አሳፍሬው ነበር።

በዚያ ሳምንት ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ነገሩን መረመርነው። የጨረቃን ሥዕል በኮምፒውተር ላይ ሆን ብለን አደበዘዝነው፤ አንድም ጉድጓድ እስከማይለይ ድረስ። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን ከክፍሉ ማዶ በተዋስሁት ስልክ አነሣነው። ስልኩ በሥዕሉ ላይ የሌሉትን ጉድጓዶች አወጣልን! ጨረቃ ሁልጊዜ የምታዞርልን ያንኑ አንዱን ፊቷን ስለሆነ መሣሪያው መልኳን አስቀድሞ እንዲማር ተደርጓል። ደብዛዛ ክብ ነገር ሲያይ ዓይኑ ያላገኘውን ከትምህርቱ ይሞላዋል። ይህ የእኛ ግኝት አይደለም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በሌላ አገር እንዲህ ያለ ፍተሻ ተደርጎ ብዙ አነጋግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። «ጨረቃ ያው ጨረቃ ናት፤ ጉድጓዶቹም በእርግጥ አሉ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» ሊል ይችላል። እኔም ለብዙ ቀን በዚህ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ነገር ግን እስቲ አንድ ምስክር ችሎት ፊት ቆመ እንበል። የተናገረው ነገር በእርግጥ የተፈጸመ ነው፤ እርሱ ግን በቦታው አልነበረም፤ ከሌላ ሰምቶ «በዓይኔ አየሁ» አለ። ዳኛው ይህን ቢያውቅ ነገሩ እውነት ስለሆነ ብቻ ምስክሩን ያመሰግነዋልን? አያመሰግነውም። ሰውዬው የዋሸው ስለ ተፈጸመው ነገር ሳይሆን ስለ ራሱ ነውና። የእኔም እንደዚሁ ነው። ስለ ጨረቃ አልዋሸሁም፤ «እኔ ያነሣሁት ነው» ስል ስለ ራሴ ዋሸሁ።

ሌላው ሙግት ደግሞ «ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ ያነሣውን ይነካካል» የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በተባለች መንደር በኩል ሲያልፍ ጨረቃ ከመንደሪቱ በላይ ወጥታ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ደግሞ የመካነ መቃብሩን ነጫጭ መስቀሎች ስታበራ አየ። መኪናውን አቁሞ ካሜራውን ሲያዘጋጅ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣ። ነገር ግን የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበረ በዚያ አስቦ አንድ ጊዜ አነሣ። ሁለተኛ ከማንሣቱ በፊት ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። በኋለኞቹ ዓመታት ይህን ፎቶግራፍ ሲያትም ሰማዩን እያጠቆረ ነበር ያተመው። ታዲያ እርሱስ አልዋሸምን? እኔ አልዋሸም እላለሁ። እንዴት እንዳነሣውና እንዴት እንዳተመው በግልጥ ጽፎ አስተምሯል። እጅ የነካው ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ሐሰት የሚያደርገው እጃችንን መደበቃችን ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ጨረቃ ራሷ ለዚህ ትምህርት የምትሆን ይመስለኛል። ከራሷ የሚወጣ ብርሃን የላትም። ድንጋይዋም እንደ አሮጌ አስፋልት ጠቆር ያለ ነው፤ ከሚደርሳት የፀሐይ ብርሃን መልሳ የምትሰጠው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሆኖም በዚያችው በተቀበለችው ብርሃን መንገደኛ መንገዱን ያያል። የተዋሱትን «የተዋስሁት ነው» ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የተዋሱትን የራስ አድርጎ ማሳየት ነው። ዛሬ ደግሞ መሣሪያው ለፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን ለድርሰትና ለዜማም ያላየነውንና ያልደከምንበትን እየሞላ የሚሰጠን ጊዜ ላይ ደርሰናል። ስለዚህ «ይህ ከእኔ ነው፤ ይህ ግን ከእኔ አይደለም» ብሎ የመለየት ግዴታ ከአባቶቻችን ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል። ካልለየንም ሌላው ሲለየው እናፍራለን፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ኅዳር 14 ቀን እሑድ የራሴን የጠመኔ ነጥብ አሳትሜ ከቆንጆው ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቀልሁ። ከአንዱ በታች «ይህን ያነሣሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። ከሌላው በታች ደግሞ «ይህን ስልኩ ካወቀው ጨምሮ ሞልቶታል፤ ብቻዬን ያነሣሁት አስመስዬ ስለ ነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍሁ። አንዳንዶች ሳቁ። ፊቴ ቀላ፤ ግን ሰሌዳውን አልነካሁትም። ያ ልጅ የራሱን አምጥቶ ሦስተኛ አድርጎ ሰቀለ።

የቀረኝ የአያቴ ዕዳ ነበር። ኅዳር 25 ቀን ሐሙስ ማታ ጨረቃዋ እንደገና ሞልታ ወጣች። ስልኬን ቤት ውስጥ ትቼ በረንዳው ላይ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ልንገርዎት?»

«ንገረኝ።»

ዓይኔ ያየውን ብቻ ነገርኋቸው። ነጭ እንደሆነች፣ ግን ሁሉም ነጭ እንዳልሆነ፤ በግራ በኩል ጠቆር ያለ ሰፊ ነገር እንዳለ፣ ውኃ የፈሰሰበት ጨርቅ እንደሚመስል፤ ዳርቻዋ ግን ንጹሕ እንደሆነ ነገርኋቸው። አያቴ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አቅንተው ያዳምጡኝ ነበር።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ አይታየኝም እማማ።»

«ደግ ነው ልጄ። ይበቃል» አሉኝ።