ሕፃን ይዞ ሰፈር ስለ መምረጥ

ባለፈው ጥቅምት ለአንዲት አራስ ጠበል ልረጭ ወደ ንስሐ ልጆቼ ቤት ሄጄ ነበር። ጸሎቱ ተፈጽሞ፥ ገንፎውም ቀርቦ ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ፥ የሕፃኒቱ አባት ዝም ብሎ ቆየና፥ «አባታችን፥ ከዚህ ቤት ልንለቅ ነው። የኪራዩ ውል ሊያልቅ 2 ወር ቀርቶታል፤ ባለቤቶቹም ለልጃቸው ስለ ፈለጉት አይታደስልንም። የት ሰፈር ብንገባ ለዚች ልጅ ይበጃታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩን በመጀመሪያ ሲሰሙት የነፍስ አባት ሳይሆን የደላላ ጉዳይ ይመስላል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው፥ ወላጅ ስለ ልጁ ከሚወስናቸው ነገሮች መካከል ይህን ያህል ሥር ያለው ጥቂት ሆኖ አገኘሁት። ትምህርት ቤቱ ባይስማማት እንለውጥላታለን፤ ሰው መሆንን የምትማርበትን ደጅ ግን እርሷ ሳትጠየቅ እኛ እንመርጥላታለን። ጎረቤት በሚለው ቃል ውስጥ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የምታውቀው ከዚያ ደጅ ነው።

ሦስት ቤቶች አይተው ነበር። አንደኛው በከተማው ጫፍ፥ በግንብ በታጠረና በሩን ዘበኛ በሚጠብቀው የሪል እስቴት ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ ባሕር ማዶ የምትኖረው የሚስቲቱ እኅት በኪራዩ ላግዛችሁ ብላለች። ግቢው ጸጥታ አለው፥ ንጹሕም ነው፤ ነገር ግን ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ያስፈልጋል። ሁለተኛው የባልየው ያገር ልጆች ተሰባስበው ከሚኖሩበት ስፍራ ነው፤ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም አንድ ስለ ሆነ፥ «ልጅቷ ከክፉ ነገር ተጠብቃ ታድጋለች» ይላል ባል። ሦስተኛው በሽሮ ሜዳ፥ ከእንጦጦ ግርጌ፥ የሁለት ክፍል ቤት ነው። በዚያ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች አሉ፤ ሱቃቸውን ከፍተው የሚውሉ እስላሞች አሉ፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጁ ያልፋሉ። ገበያው፥ ጤና ጣቢያው፥ ቤተ ክርስቲያኑም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። አራሷ ወደዚህ ታደላ ነበር። ምክንያቷን ስጠይቃት፥ «ሰው አያለሁ፤ ሰውም ያየኛል» ብቻ ብላ ዝም አለች።

ይህ የአራስ ቃል ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ባል ማለዳ ወጥቶ ማታ ሲመለስ፥ ያን ሁሉ ቀን ሕፃን ታቅፋ በአራት ግድግዳ መካከል የምትውለው እርሷ ናት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባ ሰው በእግሩ መምጣት ካልቻለ፥ የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ አይመጣም።

የሆነ ሆኖ ምላሴ ሁለተኛውን ቤት ለመምረጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ካህን ነኝና፥ ከአማኞች መካከል ኑሩ ማለት ይቀናኛል። የከለከለኝ የገዛ ቤቴ ነገር ነው።

እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያሳደግናት በአንድ ደብር ግቢ፥ በካህናት ቤቶች መካከል ነው። በግራም በቀኝም ያለው ጎረቤታችን ዲያቆን ወይም መሪጌታ ነበር። ልጅቷ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ስታደርስ ገና 7 ዓመቷ ነበር፤ እኔም በዚህ እመካ ነበር። አንድ ቀን ጋቢ ላሠራ ወደ አንድ ሸማኔ ቤት ይዣት ሄድሁ። ሰውዬው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እየተደነቀች ታየው ነበር። ሚስቱ በብርጭቆ ውኃ ብታቀርብላት ግን ልጄ እጅዋን ወደ ኋላዋ ሸሸገች፤ ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃትም፥ በዚያው በሸማኔው ፊት፥ ስለ ሸማኔ ከእኛ ቤት የሰማችውን ስም ተናገረች። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ሸማኔው አልተቈጣም፤ ቀና ብሎም አላየንም፤ መወርወሪያውን ማመላለሱን ቀጠለ። ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች በሥራቸው ምክንያት እንዳይሰደቡ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ዐልፎ ያ ስድብ በአንድ ቄስ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ያን ቀን የለበስሁት ነጠላ በማን እጅ እንደ ተሠራ አስቤ አላውቅም ነበር። ልጃችን ክፉ ነገር እንዳትሰማ ብለን ያጠርነው አጥር ክፉውን ነገር ከውስጥ አኑሮ፥ ክፉ መሆኑን ሊያስረዳት የሚችለውን ሰው ግን ከውጭ አስቀርቶታል።

ሰፈር የሚለውን ቃል እንመልከት። በግእዝ ሰፈረ ማለት ለካ ማለት ነው፤ በአማርኛም እህል ሰፈረ እንላለን፤ ዳግመኛም ጦሩ ሰፈረ እንላለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው፥ ወታደራቸውን፥ ባለ እጃቸውን፥ እንጀራ ጋጋሪያቸውንና እንጨት ፈላጫቸውን በአጠገባቸው አሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ይህ የሆነው ለድኻው ታስቦ አልነበረም፤ ጌታው አገልጋዩን በቅርብ ስለ ፈለገው ነው። ቢሆንም የጌታውና የአገልጋዩ ልጆች በአንድ መንገድ ተመላለሱ፤ በአንዱ ቤት ሲለቀስ በሌላው ተሰማ። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ብዙዎቹ በጥቂት ገንዘብ የሚከራዩ የቀበሌ ቤቶች ሲሆኑ፥ ድኻው በከተማው መካከል እንደ ተቀመጠ ቆየ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ ጎረቤትን የሚመርጠው ዕጣ ሆነ። በዕጣ የተገናኙ ሰዎች በአጭር ጊዜ እድር ሲያቋቁሙ አይቻለሁና ይህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ይዛ፥ ውኃ በጀሪካን የምታወጣ እናት ስለ ደረጃው የምትነግረኝ ሌላ ነው።

ስለ እግር መንገድ ጥቂት ልጨምር። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ደበሎዬን ለብሼ፥ አኩፋዳዬን ይዤ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዞር ነበር። የየቤቱን ውሻ በጠባዩ ዐውቀው ነበር፤ የትኛዋ እናት ትኵስ እንጀራ እንደምትቈርስ፥ የትኛዋም ራሷ ሳትበላ እንደምትሰጥ ዐውቅ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያው መንደር በመኪና ተሳፍሬ ባልፍ ያየሁት የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ነው። የተለያዩ ሰዎች በአንድ ቀበሌ መመዝገባቸው ጎረቤት አያደርጋቸውም፤ ጎረቤት የሚያደርጋቸው በየቀኑ በአንድ መንገድ እየተላለፉ፥ አንዱ ሌላውን «እንዴት አደርህ» ሳይለው ማለፍ የማይችል ሲሆን ነው። ሕፃንም ይህን ለመቀበል ከእኛ ይልቅ የተዘጋጀ ነው። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ከእናቱ ትከሻ በላይ የሚያየው የሰው ፊት ነው፤ በመኪና የተኛው የሚያየው የመኪናውን ጣራ ነው።

በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሹ በላይ በእግር የሚደረግ ነው። ይሁን እንጂ በከተማችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ሱቁ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ ሰፈሩ ለእግረኛ የተመቸ ነው አይባልም፤ ያዘለች እናት ከመኪና ጋር ሳትጋፋ፥ በክረምትም ጭቃ ሳያንሸራትታት መሄድ መቻሏን ማየት ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው ብዙ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ሥራ ግን በፒያሳና በሌሎችም ቦታዎች የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው፥ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። መንገዱ ሲያምር አያለሁ፤ በዚያ ይመላለሱ የነበሩትን የማውቃቸውን ሰዎች ግን አላገኛቸውም።

አባትየው የሎጥን ነገር አነሣብኝ። «ሎጥን ያጠፋው ጎረቤት አይደለምን?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ወላጅ ልጁን ከክፉ ባልንጀራ መጠበቅ ግዴታው ነውና፥ ሰካራም ከሚደባደብበት መጠጥ ቤት አጠገብ ግባ የሚል መምህር የለም። ነገር ግን ታሪኩን በደንብ ብናነበው፥ ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ ያየው ውኃ የጠገበውን መስክ ነው፤ ስለ ሰዉ የጠየቀው ነገር አልተጻፈም። ዛሬ ግንቡንና የመኪና ማቆሚያውን አይቶ ከሚመርጠው ሰው ጋር የሚመሳሰለው በዚህ ነው። አብርሃምስ የት ኖረ? የእርሱን እምነት ከማያምኑ ሰዎች መካከል፥ በመምሬ የአድባር ዛፍ አጠገብ ድንኳኑን ተከለ፤ አሞራዊው መምሬና ወንድሞቹ ቃል ኪዳን የገቡለት ሰዎች ነበሩ፤ ሎጥ በተማረከ ጊዜም አብረውት ወጡ። ሣራ ስትሞት ደግሞ የመቃብር ቦታ የጠየቀው የኬጢን ልጆች ነው። እነርሱም አክብረው ተቀበሉት፤ እርሱም በነጻ አልወስድም ብሎ 400 ሰቅል ብር መዘነ። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ እድር ተጽፈው፥ አንዱ ሲሞት ሌላው ድንኳን የሚተክልበትን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ አንድምታ ይረዳዋል። አብርሃም ከጎረቤቶቹ ጋር በመኖሩ ከእምነቱ አንዳች አልጎደለበትም።

ከዚህ በተቃራኒ ያለ ሌላ ስሕተትም አለ፤ በተማሩት ዘንድ እየበዛ መጥቷል። «ልጄ ብዙ ዓይነት ሰው እያየ እንዲያድግ እንዲህ ያለ ሰፈር እፈልጋለሁ» ይላሉ። አሳቡ በጎ ይመስላል፤ ግን ሸማኔው ለልጅህ ትምህርት የተሰቀለ ሥዕል አይደለም። አንተ እርሱን ስታይ እርሱም አንተን ያያል፤ ልጁ ሲታመም ምን እንዳደረግህ፥ ለእድሩ ቀን መምጣትህንና መቅረትህን ይቈጥራል። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርምና፥ ሰፈሩን የሚለካ ሰው በሰፈሩ ይለካል። ደግሞም ገንዘብ ያለው እንዲህ ያለውን ሰፈር ወድዶ ሲመጣ ኪራይ ይወደዳል፤ የወደደው ሰፈር እርሱ በመምጣቱ የሚበተን ከሆነ ምን ወደደ? ስለዚህ ለባልየው፥ ከተከራዮቹ ሁሉ በላይ ከፍለህ አትግባ፤ ገብተህም ከመንፈቅ በኋላ አትውጣ አልሁት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ ይህም ዐዋጅ ተከራይን ለመጠበቅ የወጣ ቢሆንም፥ ለጉርብትና ከዚህ ያነሰ ጊዜ አይበቃም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርኋቸውም፤ ግማሹን ያሰብሁት ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ነው። በማግስቱ ስልክ ደውዬ የልጄንና የሸማኔውን ነገር ለባልየው ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «እስቲ ከእርሷ ጋር እንነጋገር» አለኝ። ሽሮ ሜዳ ገቡ።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኒቱ ክርስትና ስትነሣ ያጠመቅሁ እኔ ነኝ። ክርስትና እናት የሆነቻት የጎረቤት ሸማኔ ሚስት ናት፤ ልጅቷ የለበሰችውም ነጭ ልብስ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ሱቅ ያላቸው አዛውንት ሐጂ ለድግሱ ስኳርና ለስላሳ ልከው፥ እርሳቸው ደግሞ ለራሳቸው በተለየው ገበታ ቀረቡ። ከእነርሱ መካከል ይህን እንደ ትልቅ ነገር የቈጠረው ያለ እኔ አልነበረም።

ባልየው አሁንም ዐቀበቱን ያማርራል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ትንፋሹ እየቈረጠ ሁለት ጊዜ ዐርፎ እንደሚወጣ፥ የሚያርፍበትም የሸማኔው ደጅ እንደ ሆነ ነግሮኛል። መኪና ለመግዛት አስቧል፤ ሚስቱ ግን ገና አልፈቀደችለትም።