ሴትባክ በስድስት አንድምታ

ንባብ፦ ሴትባክ።

ወደ ኋላ መራቅ፣ ወደ ኋላ ማራቅ ማለት ነው። የራቀው ማን ነው፣ ያራቀውስ ማን ነው ቢሉ፣ እንግሊዝኛው እንደ ተናጋሪው ይፈታል።

አንድም የሕንፃ ነው። ቤት ከመንገድና ከወሰን ሸሽቶ እንዲቆም የታዘዘው ርቀት ሴትባክ ይባላል። ታሪክ፦ በ1915 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የኢኩይተብል ሕንፃ 38 ፎቅ ሆኖ ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጥላውም የጎረቤቶቹን ፀሐይ ጋረደ። በዓመቱ ከተማዪቱ ሕግ አወጣች፦ ግድግዳ ከተወሰነለት ከፍታ ሲያልፍ ወደ ውስጥ ይሽሽ፤ ከቦታው ሩብ ላይ ብቻ የሚያርፍ ግንብ ግን የቻለውን ያህል ይውጣ። ቁመቱን መከልከል ሲቻል ምነው ሽሽት አዘዘች ቢሉ፣ ብርሃንና አየር ወደ መንገዱ እንዲወርድ ነው። በ1931 የተመረቀው ኤምፓየር ስቴት ከ5ኛው ፎቅ በላይ ሸሸት ብሎ 102 ፎቅ ያወጣው በዚሁ ሕግ ነው።

አንድም የወንዝ ነው። የጎርፍ መከላከያ ግድብን ከወንዙ ማራቅ ነው። ሆላንዳውያን በኔይሜኸን ከተማ ፊት ለፊት፣ ሌንት ላይ፣ የቫል ወንዝን ግድብ 350 ሜትር ወደ ውስጥ አራቁት። ግድቡን ማሳደግ አይሻልም ወይ ቢሉ፣ ውሃ በጠበበው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ቦታ ሲለቁለት ዝቅ ይላል።

አንድም የመድፍ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወነጨፍ በፊውዙ (በማፈንጃው) ውስጥ ያለው ብረት ባለበት መቆየት ይሻልና ወደ ኋላ ይገፋል፤ በብዙ ፊውዞች መቆለፊያውን የሚፈታው ይህ ግፊት ነው።

አንድም የገበያ ነው። ሰው ቃሉን ግሥ አድርጎ ስለ ገዛው ዕቃ ሲናገር፣ ይህን ያህል ወጣብኝ ሲል ነው።

አንድም የሥራ መጓተት ነው። ታሪክ፦ በጥር 1967 የጠፈር መንኮራኩሩ አፖሎ 1 መሬት ላይ ሲፈተሽ እሳት ተነሥቶ ጋስ ግሪሰም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ሞቱ። ምነው አልወጡም ቢሉ፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበርና የእሳቱ ግፊት ያዘው። ናሳ በሩን ወደ ውጭ ፈጥኖ የሚከፈት አድርጎ ሠራው፤ በጥቅምት 1968 ሰው ማምጠቁን ቀጠለ፤ በሐምሌ 1969 ጨረቃ ላይ አሳረፈ። ሞትን እንዴት መጓተት ይለዋል ቢሉ፣ ለመርሐ ግብሩ እንጂ ለሦስቱ ሰዎች አይደለም። ቃሉ ገና መንገድ ለቀረው ይነገራል።

አንድም የሽንፈት ማለዘቢያ ነው። በሰኔ 1967 ግብፅ ከእስራኤል ጋር ባደረገችው የስድስት ቀን ጦርነት ሲናን ባጣች ጊዜ ፕሬዚዳንቷ ጋማል አብደል ናስር ነገሩን በዐረብኛ «ናክሳ» አለው፤ እንግሊዝኛው ሴትባክ ብሎ መለሰው። ተሸነፍን ማለት ሲገባው ምነው እንዲህ አለ ቢሉ፣ ገና መንገድ አለን ለማለት ነው። ሲና በ1982 ለግብፅ ተመለሰች፤ ያም በሰላም ውል ነው። በዚያው ጦርነት ከዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ ለተፈናቀለው ሰው ግን ቃሉ ያንሳል።

አንድም ሲባል አንዱ ሌላውን አይሽርም። ሁሉን የሚያስማማው ከሽሽቱ ወዲያ ያለው ነው፦ ቁመት፣ የጎደለ ውሃ፣ የተፈታ መቆለፊያ፣ በእጅ የገባ ዕቃ፣ የታደሰ በር፣ የተመለሰች ሲና። እንግዲህ ሹም ሴትባክ ገጠመን ቢል፣ ወዲያ ምን እንዳለና ለማን እንደሆነ ያሳይ፤ ካላሳየ ሽንፈቱን በስሙ ይጥራው።