ያልተሳፈሩት ባለቤቶች

በሥራዬ ምክንያት በአውሮፕላን አዘውትሬ እጓዛለሁ። በመንገደኞች ማረፊያ አብዝቼ የምሰማው ግን «አልሐምዱሊላህ» ሳይሆን ስሞታ ነው፤ በረራው ዘገየ፣ ወንበሩ ጠበበ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ። «ለቲኬቴ ከፍያለሁ፤ የምን ውለታ አለብኝ?» የሚልም አይጠፋም።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ያለው ከአዊ ፈረሰኞች ዘንድ ይመስለኛል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው። የእንጅባራ ፈረሰኛ ፈረሱን በገንዘቡ ገዝቶታል፤ ዋጋውን ስለከፈለ ግን ገብሱንና ውሃውን አይከለክለውም። የተሸከመውን እንስሳ ላብ በዓይኑ ያያልና። እኛ ግን ሌሊቱን ሞተር ሲፈትሽ ያደረውን መካኒክ አናየውም። ስላላየነውም ያለ ይመስል ውለታውን እንረሳለን።

በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ የመንግሥት፣ ማለትም የሕዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ በዳንግላ ገበያ ድንች የሚሸጠው ገበሬ፣ አንድም ቀን ባይሳፈርበት፣ ከባለቤቶቹ አንዱ ነው። እርሱ አዲስ አበባ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላታ፣ እኛ ከባሕር ዳር ተነስተን በአንድ ሰዓት ገደማ እንደርሳለን።

ወገኖቼ! በጉዞ ዱዓችን መጓጓዣውን ያገራልንን ጌታ እናጠራለን። ሹክር ግን በምላስ ብቻ አያበቃም፤ በልብም በሥራም ነው። ሻንጣችንን የሚያነሳውን ሠራተኛ አናመናጭቅ። በተረፈን ሰዓት ዘመድ እንጠይቅ። ሄደን የተማርነውንም ይዘን ወደ ገበሬው እንመለስ፤ ድርሻ አለውና።

ወላሁ አዕለም።