ጸጥታው የማን ነው?

በፈረንሳይ የካንታል ተራሮች ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች የምንፈልገው አይጠፋም፤ የጠፋ እሳተ ገሞራ ያቆመው ዳገት፣ ላም የሚግጥበት መስክ፣ መኪና የማይበዛበት ጠባብ አስፋልት። እየተነፈስን፣ እያረፍን፣ 1,589 ሜትር ላይ ወዳለው የፓ ደ ፔሮል በር እንወጣለን። ደስ ይላል እኮ!

ለመሆኑ ይህ ጸጥታ ከየት መጣ? ተፈጥሮ ብቻዋን አልሰጠችንም። እ.ኤ.አ. በ1851 ካንታል ከ250,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬ 145,000 ያህል ነው። ምድሩ አልበቃ ያላቸው ፓሪስ ገብተው ውሃ ተሸከሙ፣ ከሰል ሸጡ፣ ቡና ቤት ከፈቱ። ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። እኛ ሰላም የምንለው እንግዲህ በከፊል የእነሱ መሄድ ነው።

ታዲያ መደሰታችን ነውር ነው? አይመስለንም። እኛ ብናዝን የሄደው አይመለስም። ነውሩ አገሩን «ሰው ያልነካው» ማለቱ ላይ ነው። መንገዱን የቆፈረ፣ ድንጋዩን የካበ፣ ጫካውን መንጥሮ መስክ ያደረገ እጅ አለ። ብስክሌት ደግሞ ቀስ ስለሚል ይህን ያሳያል፤ ዳገት ላይ የተዘጋ መስኮት ሳያዩ ማለፍ አይቻልም።

ራሳችንን የምንፈትንበት ጥያቄ አንድ ነው። ነገ ሥራ ቢከፈት፣ ወጣቶቹ ቢመለሱ፣ መንገዱም በመኪና ቢሞላ ደስ ይለናል ወይ? «ቅር ይለናል» ካልን፣ ስንወድ የኖርነው የሰዎቹን አገር መሆኑ ቀርቶ ባዶነቱን ነው ማለት ነው።