ጭራቅና ፆታ

ክፋት በመልክ ይታወቃልን? ተውኔት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ባላንጣውን ወደ መድረክ በሚያወጣበት ሰዓት ከዚህ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። ተመልካቹ ይህ ሰው ክፉ መሆኑን በምን ይወቅ? በሚሠራው ሥራ ነው ወይስ ገና ብቅ ሲል በአካሉ፣ በድምፁና በአረማመዱ? ሁለተኛው መንገድ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑም ብዙዎች ይሄዱበታል። ጥያቄውን እዚህ የማነሣው ግን ከተውኔት ጋር የሥጋ ዝምድና ስላለው አንድ የጨዋታ ዓይነት ለመናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የደረሱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተሰኘ ጨዋታ ታተመ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የአንድ ገፀ ባሕርይ፣ ለምሳሌ የጦረኛ ወይም የአስማተኛ፣ ድርሻ ይይዛል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆንና ዓለሙን በቃል ይሥላል፤ ጭራቆቹንና ባላንጣዎቹንም እርሱ ራሱ ይጫወታቸዋል። የድርጊቱን ውጤት የሚወስነው የዳይስ ዕጣ ነው። ቃለ ተውኔቱ አስቀድሞ አልተጻፈም፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ ተመልካችም የለም፤ ሁሉም ተዋናይ ነው።

ጭራቆቹ የራሳቸው መጽሐፍ የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከግሪክ አፈ ታሪክና ከአውሮፓ ተረት የተለቀሙ ብዙ ፍጥረታት በውስጡ ተደርድረዋል። ጠጉሯ እባብ የሆነው፣ ያያትን ድንጋይ የምታደርገው ሜዱሳ አለች። በዘፈኗ መንገደኛን የምታማልል ሃርፒ አለች። በመሳሟ የሰውን ሕይወት የምትመጥጥ ሳኪዩበስ የተባለች ጋኔንም አለች። ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱማ ሴትነታቸው ራሱ ወጥመዳቸው ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ለሴት ገፀ ባሕርይ የተፈቀደው የጉልበት ጣሪያ ከወንዱ ያነሰ እንዲሆን ደነገገ፤ ደንቡ እስከ 1989ኙ ሁለተኛ እትም ዘልቋል። በ1979 ለጨዋታ መሪዎች በታተመው መጽሐፍ ደግሞ የታጠቀውን ሰው ፆታ የሚለውጥ ቀበቶ እናገኛለን። ይህ ቀበቶ የተመዘገበው ከእርግማን ዕቃዎች ተርታ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የሳቅ ምንጭ እንዲሆን የታሰበ ይመስላል። ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ ግን መጠየቅ ይገባል።

እኔ በበኩሌ ባላንጣን የምመዝንበት ቀላል ሚዛን አለኝ። ፆታውን አንሡለትና ተመልከቱት፤ ክፋቱ በእግሩ ቆሞ ይቀራልን? ሳኪዩበስ በዚህ ሚዛን ትወድቃለች፤ ሴትነቷ ሲነሣ የሚቀራት ጥቂት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጡት ድራው ግን ነገሩን ያወሳስቡታል። እነዚህ ከመሬት በታች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ሎልዝ የምትባል የሸረሪት አምላክ ያመልካሉ፤ የሚገዟቸው እንስት ካህናት ሲሆኑ ወንዶቻቸው ዝቅተኞች ናቸው። የሴቶቹን ገዥነት ብናነሣው እንኳ ባሪያ መግዛታቸው፣ ለማዕረግ ሲሉ መገዳደላቸው፣ በዘመድ ላይ ማሤራቸው ይቀራል። ክፋታቸው የሥራ ክፋት ነው። ሆኖም ሥዕሉን የሣለው እጅ የሴቶችን ገዥነት ከጭካኔው ጎን ያስቀመጠው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል። ዓለም ተገለበጠ ለማለት ፈልጎ ይመስለኛል፣ በመጀመሪያ የታየው ምልክት ሴት በወንበር ላይ ተቀምጣ መገኘቷ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያመራምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ለተጫዋቾች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ፣ ገፀ ባሕርይ ወንድ ወይም ሴት በሚለው ክፍፍል የግድ መታሰር እንደሌለበት ይገልጻል። ኮሬሎን የተባለውን የኤልፎች አምላክም ወንድነትና ሴትነት የተዋሐዱበት አድርጎ ያቀርበዋል። በዚያው ዓመት፣ ያው አሳታሚ ባወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ሳኪዩበስ ተለውጣ ትገኛለች፤ እንደ ፈቃዷ ወንድ ትሆናለች፤ ወንዱም ሴት ይሆናል። መለዋወጡ ለአምላኩ ክብር ሆነለት፤ ለጋኔኗ የማታለያ ጭንብል ሆነባት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የኤልፎችን ውድቀት ሲተርክ፣ የቀድሞዎቹ ኤልፎች ቅርጻቸው እንደ ውኃ ፈሳሽ እንደነበረና በአንድ ቅርጽ እንዲረጉ ያግባባቻቸው ሎልዝ እንደሆነች ይናገራል። እዚህ ላይ ደግሞ መርጋት ውድቀት ሆነ።

ይህን እንደ ታላቅ እርምጃ የሚያደንቁ አሉ። እኔም አላጣጥለውም። ነገር ግን ምልክቱን መገልበጥ ምልክቱን መተው አይደለም። ትናንት ተለዋዋጩ አካል የክፋት ማኅተም ነበር፤ ዛሬ የበጎነት ማኅተም ቢሆን የአካል ማኅተምነቱ መቼ ቀረ? ሎልዝን ባላንጣ የሚያደርጋት ያመኗትን መክዳቷ ነው።

ጨዋታ ነው፣ ምን ያስጨንቃል? የሚል ይኖራል። የተውኔት ተመልካች ክፉውን ሰው ሲወድቅ ያያል፤ ተጫዋቹ ግን ዳይሱን አንሥቶ ራሱ ይመታዋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ፆታው ለማንም ያልተናገረ፣ በልቡ የሚሟገት ወጣት ተቀምጦ ይሆናል። መሪው ድምፁን አቅጥኖ፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ ጭራቅ ሲያስገባ ጓደኞቹ ይስቃሉ። እርሱም ይስቃል፤ ተራው ሲደርስም ይመታል። በየመድረካችን ሴታ ሴት አረማመድ በተባለው ማሣቂያ የሠራን ሰዎች ይህን ሳቅ እናውቀዋለን። በተወለደበት ወገን ብቻ ቡዳ የተባለ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ በሚኖርባት አገር ያደግን ሰዎችም ክፋትን ከሥራ ነጥሎ በትውልድ ላይ መለጠፍ ምን እንደሚያስከትል የሩቅ ወሬ አይሆንብንም።

እንግዲህ ባላንጣ ሁሉ ፂም ያለው ወንድ ይሁን ማለት ነውን? አይደለም። ከሁለቱ ፆታዎች በአንዱ የማይመደብን ፍጡር ከክፉዎች ተርታ ማገድ ከሰው ተርታ የማገድ ሌላ መልክ ነው። እንዲህ ያለው ፍጡር ስስታም፣ ከዳተኛና ግፈኛ የመሆን መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። ጥያቄው ተጫዋቾቹ አስቀድመው የሚያውቁት ምኑን ነው የሚል ነው።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ጭራቅ እናስብ። ከተራራ ላይ ሆኖ ወንዝ ገድቦ ለሦስት መንደሮች ውኃ በቅል እየሰፈረ ይሸጣል። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ የሚያዩት የደረቀውን ማሳና ቅሏን ይዛ የተሰለፈችውን አሮጊት ይሁን። ጭራቁን ያገኙት ዘግይተው ነው እንበል። ጨዋታው በአማርኛ ከሆነ መሪው ወዲያው ይቸገራል፤ ግሳችን መጣ ወይም መጣች ብሎ ሳይለይ አያልፍምና። አንድ መውጫ ግን አለው፤ አክብሮት። ጭራቁ መጡ ሲባል መቼም ሰምተን አናውቅም፤ ቢሆንም እርሳቸው የሚለው ቃል ወንድና ሴት አይለይም። የመንደሩ መልእክተኛ ይቀርብና አንቱ ብሎ ይለምናል። እርሳቸውም በጨዋ ደንብ እጅ ነሥተው ይመልሳሉ፤ ስለ መንደሩ ጤና ይጠይቃሉ፤ ወንበርም ያቀርቡለታል። ውኃውን ግን አይለቁም።