ገንዘብ ተከፍሎ ስለሚታደን ዋላ

አንድ ሐኪም የበሽተኛውን እግር መቍረጥ ግድ ቢሆንበት፥ ስለ መቍረጡ የሚወቅሰው አይኖርም። ነገር ግን ያው ሐኪም እግር መቍረጥ ደስ የሚያሰኘው ሰው ቢሆን፥ ቢላዋውንም ለመያዝ ገንዘብ ከፍሎ ቢገባ፥ የቈረጠውንም እግር ወስዶ በቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው፥ በሽተኛው ምን ይል ነበር? መቍረጡ ያው ነው፤ እግሩም ሳይቈረጥ የሚድን አልነበረም። ታዲያ ልብን የሚያስቀይመው ነገር ወዴት ነው ያለው?

ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተፈጠረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በስኮትላንድና በእንግሊዝ ገጠር ይህን የሚመስል ነገር በየዓመቱ በእውነት ይደረጋል። በዚያ አገር ሰፊ ርስት ያላቸው ሰዎች በምድራቸው የሚሰማራውን ዋላ ከከተማ ለሚመጣ እንግዳ በገንዘብ ያሳድናሉ። አንዳንዱ እንግዳ ለአንድ ቀን ከፍሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግን ስሙን አስጽፎ፥ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ እየሰጠ፥ በተቈረጠለት ቀን ከርስቱ አዳኝ ጋር እየወጣ ጥበቡን ይማራል። ጠበቃው፥ ነጋዴው፥ የባንክ ጸሐፊው፥ ቀድሞ የመኳንንት ብቻ የነበረውን ጨዋታ በዚህ መንገድ ያገኘዋል። በሕጋቸው የዱር ዋላ በሕይወቱ ሳለ የማንም ገንዘብ አይደለም። እንግዲህ ባለርስቱ የሚሸጠው እንስሳውን ሳይሆን በመሬቱ ላይ የመግደልን ፈቃድ ነው፤ ይህም ራሱ የሚያስደንቅ ሽያጭ ነው።

ዋላ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪቃ ሁሉ በተፈጥሮ የሚኖር ዋላ አልተገኘም፤ የኢትዮጵያ ሰው የሚያውቀው በዳዊት መዝሙር ነው፤ ግእዙ ኀየል የሚለውን። ስለዚህ ሳያዩት ለሚያነቡ ሰዎች አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። የዋላ ቀንድ እንደ አጋዘን ቀንድ ጸንቶ የሚኖር አይደለም፤ በየዓመቱ ይረግፋል፥ ደግሞም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆኖ ይበቅላል። በዚያ ተራራ በሚታደነው በቀዩ ዋላ ዘንድ ቀንድ ያለው ተባቱ ብቻ ነው፤ እንስቲቱ ራሷ ባዶ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ኋላ ስለሚፈለግ አንባቢ ልብ ያድርገው።

የአደኑ ቀን ሥርዓት እንዲህ ነው። እንግዳው በጧት መጥቶ ወደ ተራራ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ወይም በብረት ምልክት ላይ ይተኵሳል። ይህ ጠመንጃው ቀጥ ብሎ መምታቱን ለማወቅ ነው ይባላል፤ እውነቱ ግን የርስቱ አዳኝ የእንግዳውን እጅ የሚመረምርበት ነው። ከዚያ በኋላ ይወጣሉ። አዳኙ ረዥሙን መነጽር ዘርግቶ ሸንተረሩን ሁሉ ይመለከታል፥ መንጋውን ያገኛል፥ ከመንጋውም መካከል የሚሞተውን ይመርጣል። ያረጀውን፥ ወይም ሰውነቱ የከሳውን፥ ወይም ቀንዱ የተጣመመውን ይለያል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያል፤ ዋላ የሰው ሽታ ከሩቅ ይሰማልና በነፋስ በኩል የቀረበ ሰው የቀኑን ድካም በከንቱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ዙረው፥ በረግረጉ ውስጥ በደረታቸው ተስበው፥ ልብሳቸው ሁሉ ርሶ፥ እስከ 150 ወይም 200 ሜትር ድረስ ይጠጋሉ። ጠመንጃውንም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ተሸክሞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ አዳኙ ነው። ከማኅደሩ ያወጣዋል፥ ያጐርሰዋል፥ በእግሩ ያቆመዋል፥ ለእንግዳውም ያቀርብለታል፤ «ከግራ ሁለተኛው፤ ጐኑን እስኪሰጥ ይጠብቁ» ብሎ በጆሮው ይነግረዋል። እንግዳው ምላጩን ይስባል።

እንስሳው በወደቀ ጊዜ ሆድ ዕቃውን ማውጣት አለ፤ ይህ ሥራ በጋይሊክ ቋንቋ በተገኘ ስም ግራሎክ ይባላል። ከዚያም በአንዳንድ ርስት በፈረስ፥ በብዙው ስፍራ በሞተር ጋሪ ወደ ሥጋ ቤቱ ይወርዳል። ሥጋው ይሸጣል፥ ቀንዱ ለእንግዳው ይሰጣል። የመጀመሪያውን ዋላ የገደለ ሰው ደሙን በፊቱ የሚቀባበት ልማድም ከጥንት አላቸው። ኦሪት ደግሞ አድኖ የገደለ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይሸፍነው ብላ ታዛለች። አንዱ ደሙን ይገልጠዋል፥ አንዱ ይሰውረዋል። ኦሪት ሥጋውን መብላት አልከለከለችም፤ ዋላም ንጹሕ ከተባሉት እንስሳት መካከል ነው። የከለከለችው የሞተውን ሕይወት ጌጥ ማድረግን ይመስላል።

አሁን የሚጠየቀው፥ ገዳዩ ማን ነው የሚለው ነው። በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ሲፎክር፥ ሲሸለምም፥ ግዳዩ የእርሱ ለመሆኑ ምክንያት ነበረው፤ አውሬው ሊገድለው ይችል ነበርና። ፉከራውን የወደደ ቢወደው የጠላ ቢጠላው፥ ሥራው የራሱ ነበረ። በዚህ አደን ግን የመረጠው ሌላ ነው፥ የመራው ሌላ ነው፥ ጠመንጃውን ያጐረሰው ሌላ ነው፥ ተኵስ ያለውም ሌላ ነው። ለእንግዳው የቀረችው አንዲት ጣት ናት። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ እንግዳ ሁለት ልብ ይሆናል፤ በደስታው ጊዜ «ገደልሁ» ይላል፥ ሕሊናው በጠየቀው ጊዜ ደግሞ «የተመረጠልኝን ነው» ይላል። ሁለቱን ቃል ግን አንድ አፍ ሊናገራቸው አይገባም። አዳኙ በእርግጥ ብዙውን ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን አዳኙ እንግዳ ባይኖርም ይህነኑ ሥራ ይሠራው ነበር፤ እንጀራው ነውና። በዚያ ቀን በዚያ ተራራ ላይ ቢፈልግ ሊቀር ይችል የነበረ ሰው እንግዳው ብቻ ነው። ሊቀር የሚችል ሰው ደግሞ ጣቱ ብትቀጥንም ሥራው አይቀጥንም።

እንግዳው ለዚህ የሚመልሰው ጠንካራ መልስ አለው፤ ቸል ሊባልም አይገባም። በብሪታንያ ደሴት ተኵላ ከጠፋ 300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዋላን የሚበላ አውሬ ስለሌለ መንጋው ሳይገታ ይበዛል። በ1990 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የስኮትላንድ ዋላ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ይገመት ነበር፤ በ2020 በወጣው የመርማሪዎች ጽሑፍ ግን እስከ 1 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተነገረ። ይህ ሁሉ መንጋ የሚበቅለውን ችግኝ ጫፍ ጫፉን ስለሚቀነጥብ አሮጌው ዛፍ ልጅ ሳይተካ ይሞታል። ክሬግ ሜጊ የሚባለውን ተራራ የመንግሥት የተፈጥሮ ጠባቂዎች በ1985 ገዝተው፥ አጥር ሳያጥሩ የዋላውን ቍጥር ቢቀንሱት፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበርች ዛፍ ከራሱ ምድር እየበቀለ ወጣ። ዋላውም ቢሆን በበረዶው ወራት መጨረሻ መኖው አልቆበት፥ ዝናብና ነፋስ በርትቶበት፥ በየሸለቆው ወድቆ ይገኛል። የረኃብ ሞት ከጥይት ሞት ይሻላል የሚል ሰው ካለ ረኃብን አላየም። እንግዲህ «አትግደሉ፥ ተዉአቸው» የሚለው ቃል ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ አይደለም፤ መግደሉን ለብርድና ለረኃብ ማሳለፍ ነው።

መልሱ ይህ ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የግዱ አባት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀራል። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል አልበርት በ1852 ባልሞራል የተባለውን ርስት ከገዛ ወዲህ በተራራ ዋላ ማደን የታላቅ ሰው ምልክት መሆኑ እጅግ ገነነ። ከአንድ ዓመት በፊት ላንድሲር የተባለው ሠዓሊ የሸለቆው ንጉሥ ብሎ የሣለው ባለ ቀንድ ዋላ እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ አገር ምልክት ሆኖ ይኖራል፤ በ2017 የስኮትላንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶታል። ያን ጊዜ ስፍር ቍጥር የሌለው ጋሻ መሬት የዋላ ማደኛ እየተባለ ተከለለ። በ1883 መንግሥት ያቆመው መርማሪ ጉባኤ በደጋው አገር እየዞረ አቤቱታ ሲሰማ፥ ትንንሾቹ ገበሬዎች ዋላ ሌሊት እየገባ እህላቸውን እንደሚበላባቸው፥ ሊነኩትም እንደማይደፍሩ ተናግረዋል። ባለርስቱ ግን ብዙ ተባት ለማሳደን ብዙ እንስት ይተው ነበር፤ በብርዱ ወራትም በአንዳንድ ስፍራ መኖ ይበተንላቸው ነበር። እንግዲህ «ስለ በዛ እንግደለው» የሚባለው መንጋ፥ ከፊሉ ተኵላ ስለ ጠፋ፥ ከፊሉም እንግዶች ሊገድሉት ስለ ወደዱ የበዛ ነው። ቤቱን ራሱ አቃጥሎ ውኃ ይዞ የሚሮጥ ሰው ውኃው ውኃ ነው፤ ምስጋና ግን አይጠብቅም።

የዛሬው እንግዳ ስለ ቀድሞው ዘመን ሰው በደል አይጠየቅም ቢባል፥ ይህም ትክክል ነው። እርሱ የሚጠየቀው ስለ ራሱ ቃል ነው። «ተራራውን ለመርዳት፥ ደኑን ለማዳን መጣሁ» ካለ፥ ቃሉ የሚመዘንበት ነገር ቅርብ ነው፤ አስቀድሞ ልብ ይደረግ የተባለው የቀንድ ነገር እዚህ ይመጣል። አንድ ተባት ቢገደል ሌላው ተባት ተተክቶ እንስቶቹን ሁሉ ያስረግዛል፤ የመንጋው ቍጥር አይጐድልም። ቍጥር የሚጐድለው እንስት ስትሞት ነው። ስኮትላንድ በ2023 ተባት ዋላ መግደል የሚከለከልበትን ወራት ሽራለች፤ ይህ ለአንዳንዱ ሥራ ይረዳ ይሆናል፥ ቢሆንም የመንጋውን ልክ የሚወስነው የእንስቶቹ ቍጥር ነው። እንስት የሚታደነው ደግሞ ተራራው ባማረበት በመጸው አይደለም፤ ከኦክቶበር ማለቂያ ጀምሮ በበረዶው፥ ቀኑ አጥሮ ከቀትር በኋላ ወዲያው በሚጨልምበት ወራት ነው። ቀንድም የላትም። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ በዚህም ነገር ሰሙ ቀንዱ ነው፥ ወርቁ የተራራው ችግር ነው፥ ከሚመጣውም እንግዳ ብዙው ሰሙን ተሸክሞ ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ስለ ምን እንደሚከፈል መለየት ይገባል። በአንዳንድ ስፍራ ዋጋው በቀንዱ ትልቅነት እየተለካ ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን የአዳኙ ዓይን ይታወካል፤ ተራራው «ያረጀውን ውሰድ» ይለዋል፥ ገንዘቡ «ያማረውን ስጥ» ይለዋል። አዳኙም ደመወዝተኛ ነው፤ ልጆች አሉት፤ የእንግዳው ገንዘብ ደመወዙን ይከፍላል፤ ስለዚህ እርሱን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። በሌላ ስፍራ ግን የሚከፈለው ስለ ቀኑ ነው። ዋላ ቢገደልም ባይገደልም ሂሳቡ አንድ ነው፤ አዳኙ «ዛሬ የሚገባ አልተገኘም፤ እንመለስ» ሲል የሚጐድልበት የለም። ሁለቱ ሥርዓት ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ ያው ተራራ፥ ያው ጠመንጃ፥ ያው ሞት ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ሥርዓት የተመዘገበ ሰው ሳይገድል ለመመለስ ተስማምቶ ገብቷል፤ በመጀመሪያው የገባው ግን አልተስማማም። ሳይገድል ተመልሶ ቀኑን ጠፋብኝ የማይል ሰው፥ በገደለም ቀን ደስታው የደም ደስታ እንዳልሆነ ሊታመን ይችላል፤ ደስ ያሰኘው መማሩ፥ መድከሙ፥ ተራራውን ማወቁ ነው። ሆድ ዕቃውን በገዛ እጁ ያወጣ፥ ሬሳውን በገመድ የጐተተ፥ ያቈሰለውንም እስኪመሽ ድረስ ደሙን ተከትሎ የፈለገ ከሆነ ደግሞ፥ የገዳይነቱን ስም ሸሽቶ ለአዳኙ አልተወውም።

የእንስት አደን ዋጋ ከተባቱ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ፈላጊውም ጥቂት ነው። በጃንዋሪ ወር በአብዛኛው ተራራ ላይ የሚገኘው የርስቱ አዳኝ ብቻ ነው። መንጋውን አግኝቶ እንስቲቱን ይመታል፤ ሌሎቹ ይሸሻሉ፥ በዚያ ዓመት የተወለደው ግልገል ግን ጥቂት ሮጦ ይቆማል፥ ተመልሶም ወደ እናቱ ይመጣል። ብቻውን ቢቀር ክረምቱን ጨርሶ አይወጣም ተብሎ ስለሚገመት፥ የሥራው ደንብ እርሱም አብሮ እንዲገደል ያዛል። አዳኙ ሁለተኛውን ጥይት ያጐርሳል። ከዚያም ሁለቱን በገመድ አስሮ በበረዶው ላይ እየጐተተ ሳይጨልም ለመድረስ ይወርዳል።